ሮውላንድስ የማን ልጅ ነው?

ደሴ ላይ፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ማመልከቻ በመጻፍ እተዳደራለሁ። ዕድሜያቸው የገፋ ባለጉዳዮች ዛሬም «ራፖር ጸሐፊው» ይሉኛል። ታይፑ በኮምፒውተር ከተተካ ቆይቷል፤ ጉዳዩ ግን ያው ነው፤ ውርስ፣ ድንበር፣ ፍቺ፣ ስም። ከሁሉ የሚበዛው ስም ነው ብል አላጋነንኩም። አንዱ ይመጣል፤ የትምህርት ካርዱ «መሐመድ ሰይድ»፣ መታወቂያው «ሙሐመድ ሰኢድ»፣ የቤት ካርታው ደግሞ «መሃመድ ሠይድ ዓሊ» ይላል። «ሦስቱም የእኔ የአንድ ሰው መጠሪያ መሆናቸው ተረጋግጦ ይወሰንልኝ» ብዬ እጽፍለታለሁ፤ ምስክሮቹን አስከትሎ ይገባል። በወሎ ስንት ሙሐመድ ሰይድ፣ ስንት ሰይድ ሙሐመድ እንዳለ ለሚያውቅ ሰው፣ እዚህ አገር ዳኛ መሆን ቀልድ አይደለም።

የቤተሰብ ስም የሚሉት ነገር ቤታችን የገባው በእህቴ ልጅ በኩል ነው። የምትኖረው ካርዲፍ ነው፤ የዌልስ ዋና ከተማ። ስትሄድ እንደማንኛችንም ፓስፖርቷ ላይ የራሷና የአባቷ ስም አንድ ላይ ሆኖ፣ የአያቷ ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ተጽፎላት ነበር። እዚያ ደግሞ ሰው የሚጠራው በዚያኛው ነው። ኩታበር ላይ በሬ ጠምዶ ያረጀው ይማም፣ ከደሴ ገበያ አልፎ የማያውቀው ይማም፣ ካርዲፍ ላይ ተራ ሲጠራ «ሚስ ይማም» ሆነ። በሕይወት ኖሮ ቢሰማ ጥርሱን ይዞ ይስቅ ነበር።

በኋላ የዚያው አገር ሰው አገባች። የባሏ የቤተሰብ ስም ሮውላንድስ ነው። ወንድ ልጅ ወለዱና የልጁን የልደት ወረቀት ለትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ይሆን ዘንድ በአማርኛ እንዳስተረጉምላት ላከችልኝ። ወረቀቱን ከስልኬ ላይ እያነበብኩ እናቴ ከጎኔ ቁጭ ብላ ቡና ትቆላለች።

«ሮውላንድስ ማነው? የልጁ አባት ነው?»

«አይደለም እማዬ፤ የቤተሰቡ ስም ነው።»

«አያቱ ነው?»

«አይደለም።»

«ቅድመ አያቱ?»

«እሱም አይደለም።»

«ታዲያ ሮውላንድስ የማን ልጅ ነው?»

ጥያቄውን እንዳለ ለባልየው አቀበልኩት። ሳቀና «እኛ ሁልጊዜም ሮውላንድሶች ነበርን» አለ። ይህ ለእናቴ መልስ አይሆንም። ለእሷ «ሁልጊዜም» የሚባለው ነገር መነሻ ያለው፣ መነሻውም ስም፣ ሚስትና ማሳ የነበረው አንድ ሰውዬ ነው። እኔም ነገሩ አላስቀምጥ ብሎኝ ማታ ማታ ሳገላብጥ፣ እናቴ ልክ ሆና አገኘኋት። ሰውዬው ነበረ። (የዌልሱን ዓመት ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የእኛውን «ዓ.ም.» እለዋለሁ።)

ዌልሶች ለብዙ መቶ ዓመታት የሰው ስም ያወጡ የነበረው እንደ እኛ ነው። የራስ ስም ይቀድማል፤ ቀጥሎ «አፕ» ይባላል፣ የእገሌ ልጅ ለማለት፤ ከዚያ የአባት ስም። ሴት ከሆነች በ«አፕ» ፈንታ «ቬርኽ» ይገባል። በ1282 ከእንግሊዞች ጋር ሲዋጋ የወደቀው የዌልስ ልዑል ሊዌሊን አፕ ግሪፊዝ ነበር። ግሪፊዝ የሊዌሊን ልጅ፣ ያኛው ሊዌሊን ደግሞ የዮርወርዝ ልጅ ነው። የአያት ስም ለልጅ ልጅ ሲወጣ ታያላችሁ? ሴቲቱም ባል ስላገባች የአባቷን ስም አትጥልም ነበር። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ኋላ ምን ነክቷቸው ተዉት?» አለች፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ጄራልድ የሚባል አንድ ቄስ፣ ራሱም የዌልስና የኖርማን ቅልቅል የሆነ፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስለ አገሩ ሰዎች ሲጽፍ፣ ተራው ሕዝብ እንኳ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ እስከ ስድስትና ሰባት ትውልድ በቃሉ ይዘረዝራል ብሏል። ሰባት! እኛ ለጋብቻ የምንቆጥረው ሰባት ቤት። እነሱን ያስቆጠራቸው ግን ጋብቻ ብቻ አይደለም። በ950 በሞተው በንጉሥ ሃውል ስም የሚጠራው የዌልሶች ሕግ፣ ሰው የገደለ ሰው የሚከፍለውን የደም ካሳ ከነገዳዩ ዘመዶች ጋር እያከፋፈለ ያስከፍል ነበር፤ የሩቅ ዘመድ ሳይቀር ድርሻ አለበት። ወሎ ውስጥ አበጋሮች ደም ሲያደርቁ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ጉማ የሚዋጣው ዘር ተቆጥሮ ነው። መሬቱም እንደዚያው ነበር፤ አባት ሲሞት ወንዶቹ ልጆች እኩል ይካፈላሉ፣ የማን ልጅ መሆንህን ያላወቅህ እንደሆነ እርሻህ የለም።

እንዲያውም በወሎ ይህን ነገር ለማየት ካርታ መዘርጋት ይበቃል። ወረኢሉ፣ ወረባቦ፣ ወረሂመኖ። «ወረ» ከኦሮምኛው «ወራ» የመጣ ነው፣ የእገሌ ቤት፣ የእገሌ ወገን ማለት። በኦሮሞ የዘር ቆጠራ ወሎ ራሱ የሰው ስም ነው፤ እነዚህ ወረዳዎችም የልጆቹ ናቸው። ታክሲ ውስጥ «ወረኢሉ አንድ ሰው የቀረው!» ሲባል፣ ረዳቱ ሳያውቀው የዘር ሐረግ እየጠራ ነው።

እሺ፣ ዌልሶች ለምን ተዉት?

በ1536 እና በ1543 የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ፓርላማ ባወጣቸው ሕጎች ዌልስ ከእንግሊዝ ጋር ተጠቃለለች። ፍርድ ቤቱ በእንግሊዝኛ ሆነ። ለወንድማማቾች እኩል መካፈሉ ቀረና መሬት እንደ እንግሊዙ ለበኩር ልጅ ይተላለፍ ጀመር። ዘር መቁጠሩ ጥቅሙን ያጣው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው። በዚያን ጊዜ የዌልስ ድንበር ምክር ቤት የበላይ የነበረው ጳጳስ ሮውላንድ ሊ ይባላል፤ ጨካኝ የሚሉት ዳኛ ነበር። አንድ ቀን የችሎት ስም ሲጠራ፣ ሁሉም ሰው «እገሌ አፕ እገሌ አፕ እገሌ» እያለ ሲያስረዝምበት ሰለቸውና እንዲያጥር አዘዘ ይባላል። በዚያም ምክንያት ቶማስ አፕ ሪቻርድ አፕ ሃውል አፕ ኢየዋን ቫኻን የተባለው ባለ ርስት በመኖሪያው ስም ሞስቲን ተብሎ ቀረ። ወሬው በአፍ የቆየ ነው፤ እውነት ይሁን አይሁን እኔ አልፈርድም። ግን ከችሎት ደጅ ለሚውል ሰው የማይታመን ነገር የለበትም። መዝገቡ ክምር ነው፣ ሰዓቱ አልፏል፣ ጸሐፊው እጁ ደክሟል፣ ባለጉዳዩ ደግሞ ሰባተኛ አያቱ ጋ ገና አልደረሰም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? የቤተሰብ ስም የሚያወጣው ግን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው።

አቆራረጡ በሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው «አፕ»ን ከነአባቱ መዋጥ ነው። አፕ ሪስ ሲፋጠን ፕራይስ ሆነ፤ አፕ ሃውል ፓውል፣ አፕ ሪቻርድ ፕሪቻርድ፣ አፕ ሂው ፒው፣ አፕ ሃሪ ፓሪ፤ አብ ኦወን ቦወን፣ አብ ኢቫን ቤቫን። በ1948 ለእንግሊዝ ነፃ ሕክምና ያቋቋመው ሚኒስትር አናይሪን ቤቫን ዌልሳዊ ነው፤ ስሙን ፈትተን ብንጽፈው የኢቫን ልጅ፣ በእኛ የዮሐንስ ልጅ። ሁለተኛው መንገድ የእንግሊዞቹ ነው፤ በአባት ስም መጨረሻ «ስ» መቀጠል። ጆንስ የጆን፣ ዊልያምስ የዊልያም፣ ኢቫንስ የኢቫን፣ ሮበርትስ የሮበርት። ሮውላንድስም የሮውላንድ።

ስለዚህ ለእናቴ የተገኘው መልስ ይኸው፤ ሮውላንድስ የማንም ልጅ አይደለም። ሮውላንድ የሚባል አባት ነበር። ልጁ በተራው እስኪጠራ ድረስ የሮውላንድ ልጅ ነበር፤ የልጁ ልጅ ግን በአባቱ መጠራት ሲገባው በአያቱ ቀረ፣ የእሱም ልጅ እዚያው ላይ። ቆጠራው የቆመው እዚያ ሰውዬ ላይ ነው። የቆመበት ዘመን ከቤት ቤት ይለያያል። ባለ ርስቶቹ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀመሩ፣ ድሃው በ17ኛውና በ18ኛው ተከተለ፤ በሰሜን ምዕራብ ዌልስ ተራሮች ደግሞ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን በአባት ስም የሚጠራ አልጠፋም።

በዚህ መሃል የተያዘ አንድ ሰው ልጥቀስ። በ1559 የባንጎር ጳጳስ የሆነው ሮውላንድ ሜሪክ የአንግልሲ ደሴት ሰው ነው። አባቱ ሜይሪግ አፕ ሊዌሊን ይባላል። አባትየው ገና በ«አፕ» ይጠራል፤ ልጁ ግን የአባቱን ስም እንደ ማኅተም ይዞት ቀረ፣ ሜሪክ ሆነ። አንድ ቤት ውስጥ፣ በአባትና በልጅ መካከል፣ ነገሩ ተቆረጠ።

ሮውላንድ የሚለው ስም ራሱ ዌልስኛ አይደለም። ዱሮ የፍራንኮች ስም ነው፤ የፊተኛው ክፍሉ ዝና ማለት ነው። በ778 በፒሬኒ ተራሮች መተላለፊያ ላይ የተገደለው የፍራንኮቹ ንጉሥ የታላቁ ካርል (ሻርለማኝ) የጦር አለቃ ሮላን ይባል ነበር፤ ጀግንነቱ በግጥም ተዘፍኖለት ስሙ በፈረንሳይ ሁሉ ተናኘ፣ ኖርማኖች እንግሊዝን በ1066 ሲይዙ ይዘውት መጡ። ከዚያ ከሪቻርድ፣ ከሄንሪ፣ ከዊልያም ጋር ዌልስ ገባ። እነ ሊዌሊን እየቀነሱ እነ ሮውላንድ በዙ። ያሸነፈህን ሰው ስም ለልጅህ ታወጣለህ፤ ከመቶ ሁለት መቶ ዓመት በኋላ ስሙ የራስህ ነው፣ ማን እንዳመጣው የሚያስታውስም የለም።

ይህን ሳነብ የራሴን ቆጠራ አሰብኩ። እኔ ሰይድ፣ አባቴ ይመር፣ አያቴ እንድሪስ፣ ቅድመ አያቴ ወልደ ሚካኤል፣ የእሱ አባት ዓሊ። ወሎዬ ያልሆነ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያየኛል። ወሎዬ ግን ዓመቱን ራሱ ይነግርሃል፤ 1870 ዓ.ም.፣ ቦሩ ሜዳ። አፄ ዮሐንስ ጉባኤውን አድርገው የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሳ ሲታዘዝ፣ ከላይ ያሉት መሳፍንት ሳይቀሩ ተጠመቁ። የኋላው ንጉሥ ሚካኤል ሙሐመድ ዓሊ ነበሩ። ከታች ያለው ሕዝብ ቀን ክርስቲያን፣ ማታ ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ቅድመ አያቴ በዚያ ወራት ልጅ ነበር፤ ወልደ ሚካኤል ተባለ። ልጁን ግን እንድሪስ አለው። ወንድሙ በክርስትናው ጸንቶ ቀርቶ ዘሮቹ ዛሬ ደላንታ ናቸው፤ በፋሲካ እነሱ ጋ፣ በዒድ እኛ ጋ ነን። አንድ ጸሐፊ መጥቶ ቆጠራችንን ወልደ ሚካኤል ላይ ቢቆርጠው ኖሮ እኔ ዛሬ ሰይድ ወልደ ሚካኤል፣ ዓሊ ላይ ቢቆርጠው የደላንታው ቄስ ዘመዴ አባ እገሌ ዓሊ ይባሉ ነበር። ሁለቱም ያምርብን ነበር፤ ግን በየትኛውም አቆራረጥ የታሪኩ ግማሽ ይወድቃል።

የመቆረጡ ሌላ መዘዝ ስም ማጠሩ ነው። ዌልሶች በተቆረጡበት ጊዜ የነበሩት የወንድ ስሞች ጥቂት ስለነበሩ፣ አንድ መንደር በጆንስና በዴቪስ ተሞላ። መለያ ሲያጡ ሥራውን ለጠፉበት፤ ጆንስ ወተቱ፣ ኢቫንስ ዳቦው። እኛ ሙሄ አጭሩ፣ ሙሄ ጋራዡ እንደምንለው። ይኸው ነው።

ወደ ሮውላንድስ ልመለስ፤ አንዱ ሮውላንድስ ወሎ መጥቶ ነበርና። ባልየው ይህን ሲሰማ ከእኔ ይልቅ እሱ ደነገጠ።

በጥር 1841 በሰሜን ዌልስ፣ ዴንቢ በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ልጅ ተወለደ። እናቱ ኤልሳቤጥ ፓሪ ናት፤ ፓሪ፣ አፕ ሃሪ፣ የሃሪ ልጅ። ባል የላትም። ቤተ ክርስቲያን ወስደው ሲያስጠምቁት ጆን ሮውላንድስ ተብሎ ተጻፈ፣ ከስሙ አጠገብም «ዲቃላ» የሚል ቃል ገባ። ጆን ሮውላንድስ አባቱ ነው የተባለው ሰው ስም ነው፤ የከተማው ጠበቃ ነው እንጂ እሱ አይደለም የሚሉም አሉ። ልጁን የእናቱ አባት ያሳድገው ነበር፤ አያትየው ሲሞቱ በ6 ዓመቱ ሴንት አሳፍ ወደሚገኝ የድሆች ማደሪያ ተሰጠ፣ እስከ 15 ዓመቱ እዚያው አደገ። የስሙን ባለቤት አላየውም። ስም እንጂ አባት አልሰጡትም።

በ1859 መርከብ ላይ ሥራ ይዞ አሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ወረደ። እዚያ የከተማው የጥጥ ነጋዴ የነበረውን የሄንሪ ስታንሊን ስም ያዘ፤ ነጋዴው እንደ ልጅ ተቀብሎኛል ይል ነበር፣ የሕይወት ታሪኩን የመረመሩ ሰዎች ግን ሰውዬውን ማግኘቱንም ይጠራጠራሉ። ሞርተን የሚለውን ደግሞ ኋላ ጨመረበት። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለደቡቡ ተዋጋ፣ ተማረከ፣ ለሰሜኑ ተሰለፈ። በታኅሣሥ 1866 ዴንቢ ተመልሶ የቤተ መንግሥቱን ፍርስራሽ ሲጎበኝ፣ በጎብኚዎች መዝገብ ላይ የፈረመው በድሮ ስሙ ነው። ያልነበረውን የባሕር ኃይል ማዕረግ ጨምሮበታል፤ ስሙ ግን ሮውላንድስ ነው።

ይኸው ሰው ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ አሁን የኒው ዮርክ ሄራልድ ጋዜጠኛ ሄንሪ ስታንሊ ሆኖ፣ ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ዋድላን አቋርጦ፣ ደላንታን አልፎ፣ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ ሥር ደረሰ። ስቅለት ዕለት አሮጌ በተባለው ቦታ የተደረገውን ውጊያ አየ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች አምባው ላይ ሲወጡ፣ አፄ ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጣቸው ሞተው አገኟቸው። ዘረፋውን፣ 15 ዝሆንና 200 ገደማ በቅሎ የተጫነውን ንዋየ ቅድሳትና ብራና፣ ደላንታ ሜዳ ላይ የተደረገውን ሐራጅ አይቶ ጽፏል። ጽሑፉም ከእንግሊዝ መንግሥት መልእክት ቀድሞ ለንደን ገባ፤ አስቀድሞ ሲሄድ ስዊዝ ላይ ለቴሌግራፍ ሹሙ እጅ መንሻ ሰጥቶ ነበርና፤ የእሱ ወሬ እንዳለፈም ባሕር ውስጥ ያለው ገመድ ተበጥሶ የሌሎቹ ጋዜጠኞች ወሬ ቆመ። እድል ነው፣ ጉቦም ነው። ስሙ በዓለም የታወቀው በዚህ በእኛ መከራ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ ጠፋ የተባለውን ሚሲዮናዊ ሊቪንግስተንን ያገኘው ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ ነው።

ዝናው ሲወጣ የዌልስ ጋዜጦች የማን ልጅ እንደሆነ ደረሱበት። እሱ ካደ። ከዚያ ለቤልጅጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ኮንጎን ሲያቀና የአገሩ ሰዎች ቡላ ማታሪ፣ ድንጋይ ሰባሪ አሉት፤ በዚያ ምድር የተፈጸመውን ግፍ ደግሞ ዓለም ያውቀዋል። በ1904 ሲሞት በእንግሊዝ አገር ፐርብራይት በተባለች መንደር በትልቅ ድንጋይ ሥር ተቀበረ። በድንጋዩ ላይ ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ፣ ቡላ ማታሪ፣ 1841–1904፣ አፍሪካ ይላል። ከነጋዴው የተዋሰው ስም አለ፣ ኮንጎዎች ያወጡለት አለ። ሮውላንድስ የለም። ዴንቢ በ2011 ሐውልት አቆመችለት፤ በ2021 ይነሳ ወይስ ይቆይ ተብሎ ነዋሪው ድምፅ ሲሰጥ የሚበዛው ይቆይ አለ። እኔ ድምፅ ቢሰጠኝ ሐውልቱን ትቼ የሴንት አሳፉን የድሆች ማደሪያ ልጅ አስታውስ ነበር፤ መቅደላን ያየሁ ሰው ነኝና ከዚህ በላይ ቸርነት አይጠበቅብኝም።

ከመቅደላ ደግሞ አንድ ልጅ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄደ፤ ልዑል ዓለማየሁ፣ 7 ዓመት ገደማው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞቱበት። እንግሊዞች የቤተሰብ ስም ሲፈልጉለት አጡለት፤ ፕሪንስ አላማዩ ብለው ጻፉት፣ በዚያው ቀረ። አባቱ ቴዎድሮስ የሚለውን ስም ያገኙት ሲነግሡ ነው፤ ሲወለዱ ካሳ ኃይሉ ነበሩ። ልጁ በ1879 ሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። ያችን ትንሽ ወሬ ለእናቴ አልነገርኳትም።

አሁን ወደ እኛ። አያቴ እንድሪስ የርስት ሙግት ሰው ነበር። በዚያ ዘመን ዘር መቁጠር ትምክህት አልነበረም፣ ማስረጃ ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ጀምረህ፣ በወንድም በሴትም ሐረጉን ስበህ፣ ራስህ ላይ ካላደረስከው ዳኛው አይሰማህም። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይሉ የነበረው ሺህውን ዓመት የሚቆጥርልህ ሽማግሌ ሲኖር ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ተብሎ ሲታወጅ፣ ገበሬው ደስ አለው፤ ደስ ማለቱም ተገቢ ነበር። ቆጠራው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ፈታ። አባቴ አሥራ ምናምን ይቆጥራል፣ እኔ ሰባት፣ ልጆቼ አራተኛው ላይ እኔን ያዩኛል። ዌልሶች በ1543 የሆኑት ይኸው ነው። መሬቱ ከስሙ ላይ ሲነሳ ስሙ አጠረ።

ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የ1952 ዓ.ም. ነው፣ በቁጥር 32 ማንም ሰው የቤተ ዘመድ ስም አለው ይላል። ከራስና ከአባት ስም ሌላ ማለት ነው። ከወጣ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆነው፤ እስከ ዛሬ የቤተ ዘመድ ስሜ ይጻፍልኝ ብሎ አንድም ባለጉዳይ ወደ እኔ አልመጣም። ሕጉ ያላደረገውን ግን ፓስፖርትና ቪዛ እያደረጉት ነው። ውጭ አገር ያለ ወገናችን አያቱ ላይ ቆሞ፣ ልጆቹም በዚያው ቆመው፣ ይማምና እንድሪስ እንደ ሮውላንድ የሦስት መቶ ዓመት አደራ እየተሸከሙ ነው። የቤተሰብ ስም ክፉ ነው አልልም፤ ለጉምሩክ ይመቻል። የማልወደው ማን ላይ እንደምንቆም የሚመርጥልን ፎርሙ መሆኑን ነው። መቆረጡ ካልቀረ ቤተሰብ ቁጭ ብሎ ይምከርበት፣ የትኛው አባት ይሻላል ብሎ ይመርጥ።

የልጁ ወረቀት ገና አላለቀም ነበር። የትርጉም ፎርሙ የአያት ስም ይጠይቃል፤ ሮውላንድስን እዚያ መጻፍ ውሸት ነው። እናቴ «እሱን ተወው፣ በእናቱ በኩል እኛ ጋ ይቆጠር» አለች። ሳቅሁ፤ ግን የሃውልን ሕግ ሳገላብጥ አንድ አንቀጽ አግኝቼ ነበር። ዌልሳዊት ሴት በዘመዶቿ ፈቃድ ለባዕድ ሰው ከተዳረች፣ ልጇ አባቱ መሬት ስለሌለው በእናቱ በኩል ከአጎቶቹ ጋር ይካፈላል። ማምዊስ ይሉታል። እኛም የእህቴን ልጅ ለባዕድ የዳርነው መርቀን ነው፤ በእነሱም ሕግ በእኛም ልማድ ልጁ የኛ ነው። የምናካፍለው መሬት ባይኖረንም።

ፎርሙ ግን የሚጠይቀው በአባት በኩል ያለውን አያት ነው። ስለዚህ ስልክ ደወልንና የባልየውን አባት ስም ጠየቅን። «ኢድሪስ» አለ።

እናቴ ቡናውን አስቀመጠች። «ምን አለ?»

ኢድሪስ ጥንታዊ የዌልስ ስም ነው፣ ከእኛው ጋር ዝምድና የለውም። በሰሜን ዌልስ 893 ሜትር የሚሆን ተራራ አለ፣ የኢድሪስ ወንበር የሚባል፤ በአፈ ታሪክ አንድ ግዙፍ ሰውዬ ይቀመጥበት ነበር። ይህን ሁሉ ባስረዳትም እናቴ አልሰማችኝም። የአማቷ ስም ነው። ስልኩን ከእጄ ወስዳ፣ የእህቴ ልጅ እያስተረጎመችላት፣ ከሽማግሌው ጋር ራሷ ተያያዘች። አባታቸው ማን ይባላሉ? አያታቸውስ? የአያታቸው አባትስ? ሽማግሌው እየሳቁ ሦስተኛው ላይ ቆሙ። የቀረውን ታላቅ እህታቸውን ጠይቀው እንደሚልኩ ቃል ገቡላት፤ እስካሁን አላኩም፣ እሷም በየጁምዓው ታስታውሰኛለች።